ግድግዳ ላይ የማይቀር ሥዕል

«መጀመሪያ የሚሆነው ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ተማሪው ይመዘገባል።»

«በምን?»

«በፎርም ነዋ! ሞልቶ ይሰጠኛል።»

ከወጣቱ ፊት ለፊት ባለው ስክሪን ላይ በነጠብጣብ የተሞላ ሰፊ ባዶ ገጽ ተከፍቷል። መሐል ላይ ያለችውን የመደመር ምልክት ሲጫናት ከጎን ረዥም ዝርዝር ወጣ። ከዚያ ውስጥ «ፎርም ሲሞላ» የሚለውን መረጠ፤ አንዲት ትንሽ ሳጥን ገጹ ላይ ተቀመጠች። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአትና «ቆይ እስቲ» አሉ። «ፎርሙንማ የምሰጠው ከከፈለ በኋላ ነው። ሳይከፍል ፎርም ወስዶ የቀረ ስንት አለ መሰለህ!»

ሳጥኗ ተሰረዘች። በእሷ ቦታ «የቴሌግራም መልእክት ሲመጣ» የምትል ሌላ ሳጥን ገባች። ከፋዩ የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ የሚልከው በቴሌግራም ነውና።

ቦታው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ያለ፣ የሒሳብ አያያዝና የኮምፒውተር አጫጭር ኮርሶች የሚሰጥበት ማሠልጠኛ ነው። እንዲህ ባለ ቤት አሠራሩ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይኖራል። ደረሰኙን የሚቀበሉት እሳቸው፣ ትልቁ መዝገብ ላይ የሚጽፉት እሳቸው፣ ማታ ወደ ኤክሴል የሚገለብጡት እሳቸው፣ ለመምህሩ ደውለው «ነገ አዲስ ልጆች ይመጡልሃል» የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ወጣቱ የተጠራው ይህን ድግግሞሽ ለኮምፒውተር እንዲያስረክብ ነው። ይዞት የመጣው መሣሪያ ኮድ የሚደረደርበት ጥቁር መስኮት አልነበረም። ሳጥን እየጎተቱ የሚያስቀምጡበት፣ ሳጥንን ከሳጥን በመስመር የሚያገናኙበት ገጽ ነው።

መሣሪያው ኤን-ኤይት-ኤን ይባላል። ጃን ኦበርሃውዘር የተባለ ባለሙያ በርሊን ላይ የጀመረው ሲሆን ለሕዝብ የወጣው በ2019 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ኦበርሃውዘር ቀደም ሲል በፊልም ልዩ የምስል ቅንብር ሙያ ውስጥ ሠርቷል። በዚያ ሙያ ደግሞ ሳጥንን ከሳጥን እያገናኙ መሥራት የቆየ ልማድ ነው። ተመሳሳይ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፦ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ላይ የተጀመረው ዛፒየር፣ ፕራግ ላይ ኢንተግሮማት ተብሎ ተወልዶ ዛሬ ሜክ የሚባለው፣ የማይክሮሶፍቱ ፓወር ኦቶሜት፣ የአይቢኤም ሰዎች የሠሩት ኖድ-ሬድ። መልካቸው ይለያይ እንጂ አካሄዳቸው አንድ ነው።

አካሄዱም ይህ ነው። በግራ በኩል አንድ ቀስቃሽ ሳጥን ይቆማል፤ ባለሙያዎቹ ትሪገር ይሉታል። መልእክት ሲመጣ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ወይም ፎርም ሲሞላ እሱ ይነቃል። ከእሱ የሚወጣው መስመር ወደ ቀጣዩ ሳጥን ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሳጥን ኖድ ይባላል፤ አንዱ ከደረሰኙ ላይ ቁጥር ይለያል፣ አንዱ ሰንጠረዥ ላይ ይጽፋል፣ አንዱ መልእክት ይልካል። መስመሩ ለጌጥ የተሳለ አይደለም፤ በላዩ ላይ መረጃ ይጓዛል። አንድ ሳጥን ላይ ሲጫኑ ምን እንደገባበት በግራ፣ ምን እንደወጣበት በቀኝ ይታያል። ኃላፊዋን የማረካቸው ይኸው ነው። «ይሄ እኮ የልጁ ስልክ ቁጥር ነው!» አሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው። ኮድ ቢሆን ኖሮ ይህን ማለት አይችሉም ነበር።

እርግጥ ሳጥንና ቀስት ለኢትዮጵያ ቢሮ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሲያዳርስ ስንት ሠራተኛ ፍሊፕ ቻርት ላይ ቀስት ሲያሰምር እንደዋለ የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። «የሥራ ሂደት መሪ» የሚለው ማዕረግ የዚያ ትሩፋት ነው። ውጤቱ በፕላስቲክ ተለብጦ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ጉዳዩ በስንት ደረጃ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ የሚናገር ሥዕል። ባለጉዳዩ ከሥዕሉ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ሲጠብቅ ሥዕሉ ምንም አይሆንም ነበር። እንዲህ ያለ ሥዕል ቢዋሽ የሚያጋልጠው የለም፤ ሥራው በአንድ በኩል፣ ሥዕሉ በሌላ በኩል ይኖራሉና። የማሠልጠኛው ስክሪን ላይ ያለው ግን ራሱ ሥራውን የሚሠራው ነው። ከእውነተኛው አሠራር የተለየ ነገር ከተሳለበት ወይ ይቆማል ወይ የተሳሳተውን ሥራ ይሠራል፤ በሁለቱም መንገድ በማግሥቱ ይታወቃል።

በሥዕልና በሥራ መካከል ያለው ይህ ክፍተት እስኪጠብ ዘመናት ወስዷል። ፍራንክ ጊልብረዝ የተባለው አሜሪካዊ ሥራ የጀመረው በግንበኝነት ነበር፤ አንድ ጡብ ለማስቀመጥ የሚባክነውን እንቅስቃሴ ቆጥሮ ከ18 ወደ 5 ገደማ እንዳወረደው ይነገርለታል። ከባለቤቱ ከሊሊያን ጋር ሆኖ በ1921 ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የሥራን ሂደት በምልክት የመሳል ዘዴ አቀረበ። ማኅበሩ በ1947 ዘዴውን ደረጃ ሲያወጣለት ከምልክቶቹ አንዱ መጠበቅን የሚያሳይ ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው፤ የቢሮ ጉዳይ አብዛኛው ዕድሜው የሚያልቀው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንደሆነ ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ገብቷቸዋል። በዚያው በ1947 ኸርማን ጎልድስታይንና ጆን ፎን ኖይማን ለኮምፒውተር የሚሰጥን ትእዛዝ ከመጻፍ በፊት በሥዕል የማቀድን ዘዴ አሳተሙ። ያም ቢሆን ሥዕሉ ዕቅድ ብቻ ነበር፤ ከሥዕሉ ወደ ማሽኑ የሚያሻግረው ሰው ነው።

ሥዕሉ ራሱ መሥራት የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በርት ሰዘርላንድ በ1966 ለኤምአይቲ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ በብርሃን ብዕር የተሳለ ሥዕል እዚያው ስክሪኑ ላይ ሲሠራ አሳየ። ታናሽ ወንድሙ አይቫን ከሦስት ዓመት በፊት ስኬችፓድ በተባለው ሥራው በኮምፒውተር ላይ መሳልን ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። በዚያው ዘመን ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ የራንድ ኮርፖሬሽን ባለሙያዎች ግሬይል የተባለ ሥርዓት ሠሩ፤ ሰው በብዕር ወልጋዳ አራት ማዕዘን ሲስል ማሽኑ አስተካክሎ ያስቀምጠዋል፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን መስመር ሲጎትት ማሽኑ ያንን እንደ ትእዛዝ ይቀበላል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ የአይቢኤሙ ፖል ሞሪሰን መረጃ በሳጥኖች መካከል እየፈሰሰ የሚሠራበትን የፕሮግራም አጻጻፍ ለአንድ ትልቅ ባንክ ሥራ ላይ አዋለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት እንለፈው። በ1986 ላብቪው ለቤተ ሙከራ ሰዎች ወጣ። በ2007 ያሁ ፓይፕስ ይህን አሠራር ወደ ኢንተርኔት አመጣው፤ ብዙ ወዳጅ አፈራ፤ በ2015 ተዘጋና የተሠራበት ሁሉ አብሮት ጠፋ። በ2013 እንግሊዝ አገር ኒክ ኦሊሪና ዴቭ ኮንዌይ-ጆንስ የተባሉ የአይቢኤም ሠራተኞች ኖድ-ሬድን የጀመሩት ከመለኪያ መሣሪያዎች የሚመጣ መረጃ የት እንደሚሄድ በዓይን ለማየት ብለው ነበር። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥም፣ መብራቱ በስልክ በሚታዘዝ ቤት ውስጥም ይገኛል።

ወደ መገናኛ እንመለስ። ሥዕሉ ተሠራና የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ወጣቱ የተመዘገቡትን ተማሪዎች ዝርዝር ከሰንጠረዡ የሚያነብ ሳጥን አስቀምጦ፣ ቀጥሎ «ለመምህሩ አዲሱ ዝርዝር ደርሷል ብለህ ላክ» የሚል ሳጥን አገናኘ። ተጫነው። የመምህሩ ስልክ ከጎን ክፍል ይጮህ ጀመር፤ አላቆመም። መምህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለና «ምን ጉድ ነው?» አለ። ሳጥኑ የተቀበለው አንድ ዝርዝር ሳይሆን በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ተማሪ ነበር፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መልእክት ላከ። ኤን-ኤይት-ኤን እንዲህ ነው የሚያስበው፦ ስልሳ ነገር ከገባበት ስልሳ ጊዜ ይሠራል። «አንዴ ብቻ ሥራ» የምትል ማብሪያ ሳጥኑ ውስጥ አለች፤ የማያውቃት አይፈልጋትም። ከሳጥን ጋር የሚሠራ ሰው ኮድ አይጽፍም ማለት እንደ ፕሮግራመር አያስብም ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ ሰዓት መጣ፤ እውነተኛው ትግል የተጀመረውም ያኔ ነው።

ኃላፊዋ የፈለጉት ቀላል ነበር፦ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያልከፈሉት ዝርዝር ይድረሰኝ። ወጣቱ የሰዓት ሳጥኑን ከፈተ። ሁለት ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ 8 ጻፈ። ይህን እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ሌላ ነው። ኤን-ኤይት-ኤንን በራስ ሰርቨር ላይ ሲጭኑት፣ ካልቀየሩት በቀር፣ የሚከተለው የኒውዮርክን ሰዓት ነው። ጠዋት ይመጣል የተባለው ዝርዝር አዲስ አበባ የሚደርሰው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 10 ሰዓት ላይ ይሆናል። በዓመት ሁለት ጊዜ ያለ ማንም ትእዛዝ በአንድ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ይላል። ሥዕሉ ላይ ይህ አይታይም፤ ሳጥኗ «8:00» ብላ ቁጭ ብላለች። ማስተካከያው በቅንብሩ ውስጥ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል መምረጥ ነው።

ወሩ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። ማሠልጠኛው ክፍያ የሚሰበስበው ወር በገባ በአንደኛው ቀን ነው፤ ወር ሲባል መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ነው። የሰዓት ሳጥኑ ግን ቀን የሚቆጥረው ከ1970ዎቹ የዩኒክስ ዘመን በመጣ ክሮን በሚባል ዘዴ ነው፤ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወር፣ የሳምንት ዕለት፤ ሁሉም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ላይ፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ። በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ መስከረም አንድ ቀን ይገፋና እስከ የካቲት ያሉት ሁሉ አብረውት ይገፋሉ። «በየወሩ በዚህ ቀን» ብሎ መሳል አይቻልም።

መፍትሔው ሳጥኑን በየቀኑ መቀስቀስና «ዛሬ በኢትዮጵያ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ዝግጁ ሳጥን የለም፤ ኮድ የሚጻፍበት ሳጥን ግን አለ። ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ይዞ ይመጣልና ጥቂት መስመር በቂ ነው። «ያለ ኮድ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ይመስለኛል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የማይኖሩበት አቆጣጠር፣ የማይጽፉበት ፊደል፣ የማይከፍሉበት ባንክ ሲመጣ ሳጥኖቹ ያልቃሉ፤ ባዶውን ሳጥን የሚሞላው የአገሩ ሰው ነው።

ኮዱ ተጻፈ፤ ወጣቱ ለሙከራ ዓመቱን ሙሉ አስኬደው። ከሚወጡት ቀኖች አንዱ ጳጉሜን 1 ነበር።

«ጳጉሜን ማን ይከፍላል?» አሉ ኃላፊዋ እየሳቁ።

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ አጠገብ ሰምተዋል። «በጳጉሜን እናስተምር የለም እንዴ?»

«በአምስት ቀን?»

«አምስትም ይሁን ስድስት መምህሩ ይገባል።»

ክርክሩ ቆየ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ የታለፈው በዝምታ ነበር፤ የነሐሴ ክፍያ ጳጉሜንን ይሸፍናል የሚል የተጻፈ ደንብ የለም፤ አይሸፍንም የሚልም የለም። ማሽኑ ግን ዝምታ አይገባውም፤ ወይ ይልካል ወይ አይልክም። በመጨረሻ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ገባች፤ «ወሩ 13 ነው?» የምትል። ከእሷ ሁለት መስመር ይወጣል። «ነው» የሚለው መስመር የትም አይሄድም፤ እዚያው ያበቃል። በእኔ ግምት የዚያን ቀን ሥራ ዋና ፍሬ ይህቺ ሳጥን ናት። አንድ ተቋም በዝምታ ሲያልፈው የኖረውን ነገር ወስኖ አስቀምጧልና። ሶፍትዌሩ ነገ ቢጣል እንኳ ውሳኔው ይቀራል።

ስሞቹም ሌላ ጣጣ አመጡ። አንድ ከፋይ በመዝገብ «ፀሐይ» ተብላለች፤ በቴሌግራም የላከችው ስም «ጸሀይ» ነው። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለሳጥኑ ሁለት የተለያዩ ሰዎች። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት እንዲሁ። አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለንጽጽር ብቻ ወደ አንድ የሚመልስ ሳጥን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወጣቱም አስቀምጧል። ይበልጥ የሚታመነው ግን ስልክ ቁጥር ነው፤ ስልኩም ቢሆን በ09 ይጻፋል፣ በ+251 ይጻፋል፤ ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምርም አለ። ኤክሴል ደግሞ የፊተኛዋን ዜሮ ይውጣታል። ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር እንደገባ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ አኃዞች ብቻ ተለይተው 251 ከፊታቸው ይገባል። ይህን የምታደርገው ሳጥን ከሥዕሉ ሁሉ የማታምር፣ ብዙ የምትሠራ ናት።

ከእኛው አህጉር የተሠራ አንድ መሣሪያ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ኪጋሊ ውስጥ ኛሩካ የተባለ ኩባንያ በአጭር የስልክ መልእክት የሚደረግ ውይይትን በሳጥንና በመስመር መሳል የሚያስችል ሥርዓት ሠራ፤ ዩኒሴፍ ከኩባንያው ጋር ሆኖ ያንኑ ራፒድፕሮ በሚል ስም ከ2014 ጀምሮ በብዙ አገሮች አሰራጨው። ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ይዞ ለተቀመጠ የጤና ሠራተኛ ጥያቄ ይሄድለታል፤ መልሱ ቁጥር ከሆነ በአንድ መስመር፣ አዎ ወይም አይደለም ከሆነ በሌላው ይቀጥላል። ንድፉ ውስጥ ያስደነቀኝ አንድ ነገር አለ፦ መልስን የሚለይ ማንኛውም ሳጥን «ሌላ» የሚል መውጫ ሳይኖረው አይፈጠርም። ሰው ያልተጠበቀ ነገር እንደሚመልስ ንድፉ አስቀድሞ ተቀብሎታል። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስታውስ፤ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ሳጥኑ ውስጥ አንድ አንቀጽ የሚመስለው ሲላክ ሁለት ሦስት ሆኖ ይከፈልበታል።

የማሠልጠኛው ሥዕል እያደር ሰፋ። መጀመሪያ አንድ ስክሪን የማይሞላ ነበር፤ አሁን ለማየት ወደ ቀኝ መጎተት ያስፈልጋል። ይህ የአሠራሩ የታወቀ ሕመም ነው። የሶፍትዌር ምህንድስና አዋቂው ፍሬድ ብሩክስ በ1986 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ በሥዕል ፕሮግራም መሥራት ትልቅ ለውጥ ያመጣል የሚለውን ተስፋ ተጠራጥሮ ነበር፤ ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ሶፍትዌር ደግሞ በተፈጥሮው በሥዕል የሚገለጥ ነገር አይደለም ብሎ። ስክሪኑ ሰፍቷል፤ ሁለተኛው መከራከሪያ ግን ዛሬም እንደቆመ ነው። መስመሮቹ መተላለፍ ሲጀምሩ ሥዕሉ ከማስረዳት ይልቅ ያምታታል። ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድን ትልቅ ሥዕል ወደ ትንንሽ ሥዕሎች ቆርጠው አንዱ ሌላውን እንዲጠራ ያደርጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ስም ያወጡለታል። «ኢፍ 7» የሚል ሳጥን ለማንም ምንም አይነግርም፤ «ደረሰኙ ከዚህ በፊት መጥቷል?» የሚለውን ግን ኃላፊዋ አንብበው ያርማሉ።

ይህች የመጨረሻዋ ሳጥን ብዙ ችግር ታስቀራለች። ከፋዩ «ደርሷል» የሚል መልስ ሲዘገይበት ያንኑ ደረሰኝ ደግሞ ይልካል፤ ወይም ወንድሙ የእሱን ደረሰኝ ይልካል። የንግድ ባንክ ዝውውር ኤፍቲ ብሎ የሚጀምር መለያ አለው፤ የቴሌብርም የራሱ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ ካለ ሥዕሉ ወደ ሌላ መንገድ ይታጠፋል። ቁጥሩን ከፎቶው ላይ የሚያነበው አሁን አሁን በኤን-ኤይት-ኤን ውስጥ እንደ ማንኛውም ሳጥን የሚገናኝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በዚህ ላይ አቋም አለኝ፤ ያንብብ፣ አይወስን። የተቀነባበረ ደረሰኝ በየሱቁ ችግር በሆነበት ከተማ ፎቶ ማየት ብቻውን ክፍያ ማረጋገጥ አይደለም፤ ገንዘቡ በሒሳቡ ውስጥ መግባቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሥዕሉ ውስጥም ለዚያ ቦታ አለ። ሥራው በኃላፊዋ ስልክ ላይ «ይጽደቅ ወይስ ይመለስ?» የሚል መልእክት ልኮ ይቆማል፤ እሳቸው እስኪነኩት አይንቀሳቀስም። ያ የ1947ቱ የመጠበቂያ ምልክት እዚህ ተመልሶ መጥቷል ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አሁን ማን ዘንድ እንደተጠበቀና ስንት ሰዓት እንደተጠበቀ መመዝገቡ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ኃላፊዋ እምብዛም።

ለምን ዛፒየር ወይም ሜክ አልተመረጠም? በዶላር በየወሩ መክፈል ለአንድ ትንሽ የአዲስ አበባ ድርጅት ከባድ ስለሆነ ነው፤ ዋጋው ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ካርድ ራሱ ችግር ነው። ኤን-ኤይት-ኤን በራስ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ለራስ ድርጅት ሥራ ሲውል ፈቃዱ ክፍያ አይጠይቅም። ኮዱ ይታያል፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሶፍትዌር ግን አይደለም፤ ራሱን እንደ አገልግሎት ለሌላ መሸጥን ይከለክላል። ነፃ መሆኑ የራሱ ዕዳ አለው። መጀመሪያ የተጫነው ቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ቴሌግራም ያልተወሰደ መልእክትን ለቦት፣ ማለትም ደረሰኞቹን ተቀብሎ ለሥዕሉ ለሚያቀብለው የቴሌግራም አካውንት፣ የሚያቆየው ቢበዛ ለ24 ሰዓት ነው። የሰዓት ሳጥኑ ደግሞ ጭራሽ አይጠብቅም፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ የዚያን ቀን ዝርዝር መብራት ሲመጣ አስታውሶ አይልከውም። ስለዚህ ሥራው መብራት ወደማይቋረጥበት የኪራይ ሰርቨር ተዛወረ።

ሰርቨሩ ላይ የሚቀር ነገርም አለ። መሣሪያው እያንዳንዱን ሩጫ ከነመረጃው መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ስሕተት ለመፈለግ በጣም ይጠቅማል፤ በሌላ ዓይን ሲታይ ግን የተማሪዎች ስም፣ ስልክና የባንክ ደረሰኝ ክምችት ነው። ኢትዮጵያ በእኛው 2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ወጣቱ የቆየ መዝገብ በራሱ ጊዜ እንዲሰረዝ አደረገ።

ሥራው ሲያልቅ ወጣቱ ሥዕሉን በፋይል አውጥቶ ለሥራ አስኪያጁ በኢሜይል ላከ። እሳቸው የዋዛ ሰው አይደሉም። «ይሄ ፋይል ካለኝ ሁሉም አለኝ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ሳጥኖቹና መስመሮቹ አሉ፤ የይለፍ ቃሎቹ የሉም። እነሱ በአንድ ቁልፍ ተመስጥረው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቁልፉ ከጠፋ ማንም አይፈታቸውም። ሰንጠረዡ የተከፈተው በወጣቱ የጉግል አድራሻ ነው። የሰርቨሩ ክፍያ የሚከፈለው ውጭ አገር ባለው በአጎቱ ልጅ ካርድ ነው።

«ቦቱስ በማን ስልክ ነው የተከፈተው?»

«በእኔ።»

«እንግዲያው ቦቱ ያንተ ነው እንጂ የእኛ አይደለም» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ወጣቱም አልተከራከረም። ኃላፊዋ ከመሳቢያቸው የማሠልጠኛውን ስልክ አወጡ፤ ቴሌግራም ተጫነበት፤ ወጣቱ በዚያ ቁጥር አዲስ ቦት ከፈተ፤ ጉግሉም በማሠልጠኛው ስም ተቀየረ። የሰርቨሩ ክፍያ ግን ለጊዜው በአጎቱ ልጅ ካርድ ላይ እንዳለ ነው።